ከፍሪድሊ ወርክሾፕ እስከ ውቅያኖስ ወለል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሪ ከእግሬ ጀምሮ ሲያየኝ ቆየና መላጣዬ ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«እዚህ ቤት ትልቁ ጠላታችን ፀጉር ነው» አለኝ። «አንዲት ፀጉር ጎሚኒ ሥር ከገባች ዕቃው ያፈሳል። አንተን ስንቀጥር ግማሹ ችግራችን ተቃለለ።»

እንግሊዝኛዬ ያኔ ደካማ ስለነበር ቀልዱ የገባኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሳንድዊቼን ይዤ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ምን ነካው ሳይሉ አልቀሩም።

ወርክሾፑ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፍሪድሊ ከተማ ነው፤ ሀይዌዩን ተከትለው ከተደረደሩት መጋዘን መሰል ሕንፃዎች አንዱ። ከውጭ ሲያዩት ዳቦ ይጋገርበት ጫማ ይሰፋበት አይታወቅም። ውስጡ በሦስት ይከፈላል። በአንደኛው ክፍል ቶርኖዎቹ ብረት ይቆርጣሉ። በሁለተኛው፣ አየሩ ተጣርቶ በሚገባበት ክፍል፣ ዕቃው ይገጣጠማል። በሦስተኛው ግድግዳው የወፈረ የግፊት ታንክ አለ፤ የተገጣጠመው ዕቃ እዚያ ገብቶ ይፈተናል። ያኔ በብዛት የምንሠራው ለሆስፒታል መሣሪያ የሚሆኑ ትንንሽ ፓምፖችንና ውሃ ውስጥ ለሚሠሩ ማሽኖች የሚሆኑ ቫልቮችን ነበር።

እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ምጽዋ የተወለዱ፣ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። የተዋወቅነው ኤርፖርት አካባቢ የፓርኪንግ ሚኒባስ ድራይቭ ሳደርግ ነው። ሻንጣቸውን ሳወርድ በአማርኛ አመሰገኑኝና አገር ቤት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሜካኒክ ነበርኩ አልኳቸው።

«ታዲያ እዚህ ሻንጣ ማውረድ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ሰኞ ና። እኛ ጋ ሰው እየፈለጉ ነው።»

ሰኞ ሄድኩ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መጥረግ ነበር። ወለል አይደለም፤ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ። ጎሚኒ የምለው በሁለት ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት ነው። ቦዩን ክር በማይለቅ ጨርቅ ትጠርጋለህ። በአጉሊ መነጽር ከመብራት ሥር ታየዋለህ። ቀለበቱን ዘይት ታስነካዋለህ፤ ታስነካዋለህ እንጂ አትነክረውም። በጣትህ ታስቀምጠዋለህ፤ ብረት ካስነካኸው ትቧጭረዋለህ። ከዚያ ክዳኑን ትገጥምና ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቅክ፣ ሁሉንም ጥቂት በጥቂት ታጠብቃለህ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ክዳኑ ይንጋደዳል።

ጋሪ ይህን ሁሉ ሲያሳየኝ ብዙ ቃል አልተጠቀመም። የሚኒሶታ ገጠር ልጅ ነው፤ ክረምት በረዶ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የንግግር ችኩል አይሆንም። ስህተት ሲያይ «እምም» ይላል። ትክክል ሲሆንም «እምም» ይላል። ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ወስዶብኛል።

በዚህ ሙያ ማዕረጉ እንዲህ ነው፦ ረዳት፣ ገጣጣሚ፣ ፈታሽ፣ የፍተሻ ክፍል ኃላፊ። እኔ ከታች ጀምሬ ሁሉንም አልፌበታለሁ። ፈታሽ በሆንኩበት ዓመት ነው ሊንዳ ያንን ጥቁር ድንጋይ ይዛ የመጣችው።

ሊንዳ የዲዛይን ኢንጂነራችን ናት። ስብሰባ ላይ ከላስቲክ ከረጢት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ድንጋዩ ተንከባሎ ጋሽ ተስፋይ ፊት ቆመ። አነሡት፣ አገላበጡት።

«ያረረ ድንች ነው» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ሊንዳም ሳቀች፤ መልኩ በእርግጥ ድንች ይመስላል። ይህ ድንጋይ የመጣው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል፣ የፀሐይ ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቀት እንደሆነ ነገረችን። ኖጁል ይሉታል። ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን በአንዲት የዓሣ ጥርስ ወይም በአንዲት ስብርባሪ ላይ ሲለበጥ፣ ሲለበጥ፣ ድንች ለማከል ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። ውስጡ ኒኬል፣ ኮባልት፣ መዳብና ማንጋኒዝ አለ። የኤሌክትሪክ መኪናና አውቶቡስ ባትሪ የሚሠራው ከእነዚህ ነው።

«መሬት ውስጥ አልተቀበረም» አለች። «ወለሉ ላይ ተበትኖ ነው ያለው። የሚፈለገው የሚለቅም ማሽን ነው።»

ማሽኑን የሚሠራው ሌላ ድርጅት፣ ደንበኛችን ነው። እንደ ዶዘር በሰንሰለት የሚሄድ ስለሆነ እኛ ትራክተሩ አልነው። የእኛ ድርሻ ሰንሰለቶቹን የሚያዞረው የዘይት ግፊት ሥርዓት ነበር፦ ሞተሮቹ፣ ቫልቮቹ፣ መጋጠሚያዎቹ።

የደንበኛው ተወካይ ሊጎበኘን ሲመጣ ያለኝን አልረሳውም። ጥቁር ሹራብ የለበሰ፣ ፈጣን ሰው ነው። እያንዳንዱን ክፍል አየና ታንኩ አጠገብ ቆሞ «እዚያ ታች ሜካኒክ የለም» አለኝ። «አንተ እዚህ ያላየኸውን ማንም አያይልህም።»

«እናያለን» አልኩት።

ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለውን ግፊት ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ዘግተህ ብትረግጠው ይጨማደዳል። እስከ አፉ ውሃ ሞልተህ ብትረግጠው እግርህን ይመልሰዋል። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ባዶ ቦታ አይተውም፤ በዘይት ይሞላል። ከዘይቱ ጋር የሚለጠጥ ከረጢት ይገጠማል። ባሕሩ ከረጢቱን ሲጫነው የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር እኩል ይሆናል። ጎሚኒው ያኔ የሚታገለው ከውቅያኖሱ ሁሉ ጋር ሳይሆን ሞተሩ ከሚፈጥረው ግፊት ጋር ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው መጋጠሚያ ታንክ ውስጥ ፈነዳ። ድምፁ እንደ በር መጋጨት ነበር፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ተያየን። ወራት የለፋንበት ዕቃ ነው። ሊንዳ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ታንኩን አየችና «ጥሩ» አለች።

«ምኑ ነው ጥሩው?» አላት ጋሪ።

«እዚህ መፈንዳቱ።»

ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ቅርፅ ቀየረች፣ ጋሽ ተስፋይ እንደገና ቆረጡት፣ እኔ እንደገና ገጠምኩት። የሚቀጥለው ያዘ። ከሚያስፈልገው በላይ ጫንነው፤ ያዘ። አሙቀን፣ አቀዝቅዘን፣ አሸዋ ያለበት ውሃ ውስጥ አድርገን ፈተንነው። ያን ሰሞን ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ እንደ ልጅ ይቸኩለኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቤት ነው።

የምንኖረው ኩን ራፒድስ ነው። ልጄ ሐያት እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያኔ የሐይቅ እንስሳትን ሕይወት ታጠና ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሥራዬን ትወደው ነበር። አንደኛ ደረጃ ስትማር የጎሚኒ ቀለበት እንደ አምባር አድርጋ ትምህርት ቤት ሄዳ ታውቃለች። ስለ ትራክተሩ እራት ላይ ስነግራቸው ግን ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባ፣ ዌት። ኖጁል ልታወጡ ነው?»

«እኛ አይደለንም የምናወጣው። ማሽኑን ነው የምንሠራው።»

«ሴም ቲንግ» አለች። «ድንጋዩ ላይ የሚኖሩ እንስሳት አሉ እኮ። ሌላ ቦታ መኖር አይችሉም። ድንጋዩ ከሄደ አይመለስም።»

«አንቺ የምትሳፈሪበት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ባትሪው ከምን የተሠራ ይመስልሻል?» አልኳት። «ወይ ከባሕር ይወጣል፣ ወይ ከመሬት። ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ ማዕድን ይቆፈር ሲባል ደግሞ ሐይቁ ይበከላል ብለሽ ሰልፍ የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ። ስለዚህ ሁለቱም ይቅር።»

«እና በምን እንሂድ?»

ባለቤቴ ዘሃራ ሳህኖቹን አነሣች። «በእግራችሁ ሂዱ» አለች። «አሁን ግን ብሉ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሐያት ስለ ሥራዬ መጠየቅ አቆመች። አልተኳረፍንም። ሰላም ትለኛለች፣ ከእኔ ጋር ገበያ ትሄዳለች፣ ስለ ሁሉም ነገር ታወራኛለች። ስለዚያ አንድ ነገር ብቻ ዝም። እኔም እልኸኛ ነኝና ሳልጠየቅ አልናገርም አልኩ። የምኮራበትን ሥራ የማወራለት ሰው ቤቴ ውስጥ ማጣቴ ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ።

ትራክተሩ ተገጣጥሞ ለባሕር ሙከራ ሲደርስ ድርጅታችን ሁለት ሰው እንዲልክ ተጠየቀ። ሊንዳ መሄዷ የታወቀ ነበር። ወደ እኔ መጣች።

«ሰኢድ፣ መዋኘት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ችግር የለም። ትራክተሩም አይችልም።»

ኮምቦልቻ የተወለደ ሰው ባሕር የት ያውቃል? በዕድሜዬ ሙሉ ያየሁት ትልቁ ውሃ የሚኒሶታ ሐይቆች ናቸው፤ እነሱም ግማሹን ዓመት በረዶ ናቸው። ጋሽ ተስፋይን ምክር ጠየቅኳቸው።

«ሲያጥወለውልህ ክፍልህ ገብተህ አትተኛ» አሉኝ። «ውጭ ውጣና ሩቁን እይ። ባሕሩን ተለማምጠህ ነው የምትኖረው፤ አትታገለው።»

ምክራቸው ትክክል ነበር፤ እኔ ግን መርከቡ ወደ ፓስፊክ እንደወጣ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ያንን የመጀመሪያ ሳምንት ባልተርከው ይሻለኛል። ስነሣ መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ስሜን ያውቁ ነበር፤ ለካ ምግብ ያደረሱልኝ በየተራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኝ ነበር፦ ቂብላ፣ ስሰግድ የምዞርበት አቅጣጫ። መርከቡ በዞረ ቁጥር የመካ አቅጣጫ ይዞራል። መርከብ ከሚመሩት መኮንኖች አንዷን ጠየቅኳት። ምን እንደሆነ ከገባት በኋላ የሙያ ጉዳይ አድርጋ ያዘችው። በሥራዋ ሰዓት መርከቡ አቅጣጫ ሲቀይር በሬዲዮ ትጠራኛለች፤ «ሰኢድ፣ አሁን በስተግራ፣ ወደ ክሬኑ» ትለኛለች። ሌሎቹ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባቸው ብዙ ጊዜ ቆዩ።

ትራክተሩ መጀመሪያ የወረደ ቀን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ከወፍራም ኬብል ጋር ታስሮ ነው የሚወርደው፤ ኤሌክትሪኩም ትዕዛዙም ሥዕሉም በዚያ ኬብል ያልፋል። ሰዓታት ፈጀ። ማያው ላይ ጨለማ፣ አልፎ አልፎ በመብራቱ ፊት እንደ በረዶ ብናኝ የሚወርድ ነገር። ከዚያ ወለሉ ታየ። ዓይን እስከሚደርስበት ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ጥቁር ድንጋይ ተዘርቷል። ሰው ሆን ብሎ የዘራው ይመስላል።

ሰንሰለቶቹ ዞሩ። ትራክተሩ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ወደ ቅርጫቱ ሲገቡ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሊንዳ ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔ የማየው ግን የግፊት መለኪያዎቹን ነበር፤ ሁሉም ቀጥ ብለዋል። ፍሪድሊ ውስጥ በእነዚህ ጣቶች የገጠምኩት ዕቃ እዚያ ታች እየሠራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከሠርጌ ቀን የሚተናነስ ደስታ አልነበረም።

ከዚያ ቀና ብዬ የኋላውን ካሜራ አየሁ። ከትራክተሩ በስተኋላ የጭቃ ደመና ተነሥቶ ሜዳውን ጋርዶታል። ድንጋይ ተዘርቶበት በነበረው ቦታ ላይ የሰንሰለት ዱካ ብቻ ቀርቷል።

ክፍሉ ውስጥ ያላጨበጨበ አንድ ሰው ነበር። ማርኮ ይባላል፣ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ነው። ሥራው ከሙከራው በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት መመዝገብ ነው። ቅርጫቱ ሲወጣ ከድንጋዮቹ አንዱን አንሥቶ ጠራኝ። ድንጋዩን እንደ ኮከብ ቀጫጭን እጆች ያሏት፣ የጥፍር ስፋት የማትሞላ ነጭ እንስሳ አቅፋዋለች። ሞታለች።

«ማን ትባላለች?» አልኩት።

«ገና ስም የላትም። ከዚህ በፊት አይቻት አላውቅም።»

«የሞተችው ማሽኑ አጋጭቷት ነው?»

«አይመስለኝም። ወደ ላይ ስትወጣ ግፊቱ ይለቃል፣ ውሃው ይሞቃል። ብዙዎቹ በሕይወት አይደርሱልንም። ስለዚህ እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን ያህል ጭቃ እንደሚችሉ የምናውቀው በጣም ትንሽ ነው።»

ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «ግፊት እንዳይለቅ ማድረግ እኮ የእኔ ሥራ ነው» አልኩት።

ማርኮ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጉዳዩን የምንቀጥልበት ጊዜ አላገኘንም፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው መውረድ ትራክተሩ ታች ቀረ።

እንዲህ ነው የሆነው። ሥራው ሲጋመስ የግራው ሰንሰለት የዘይት መጠን እየቀነሰ መሆኑ ማያው ላይ ታየ። የሚያፈስ ነገር አለ። ሊንዳ የግራውን ክፍል ዘጋችው፤ ትራክተሩ ቆመ። ቆሞ እያለ ደግሞ ለስላሳው ጭቃ ውስጥ መስጠም ጀመረ። በክሬን ሲሳብ ጭቃው አልለቅም አለ። እግር ጭቃ ውስጥ ሲያዝ እንደሚሆነው ነው፤ ቀጥ አድርገህ ብትስበው አይወጣም፣ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ለማወዛወዝ ሰንሰለቶቹ መዞር አለባቸው።

ካፒቴኑ መጣ። ማዕበል እየቀረበ ነበር። መርከቡ በሞገድ ሲነሣ፣ ታች የተያዘው ኬብል ይወጠራል። ከተበጠሰ ጫፉ ተመልሶ መርከቡ ላይ ይወድቃል፤ የመርከቡ የኋላ መድረክ ላይ ደግሞ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

«ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ይውጣ» አለ። «ካልወጣ ኬብሉን ቆርጬ እሄዳለሁ።»

ቆርጦ መሄድ ማለት የሁላችንም ሥራ እዚያ ታች ዘይቱን እንደያዘ ይቀራል ማለት ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነበር። የቀኙ ክፍል ጤነኛ ነው። ሊንዳ በዲዛይኑ ውስጥ ቀኙ ለግራውም እንዲሠራ የሚያደርግ ማገናኛ ቫልቭ አስቀምጣ ነበር። ዘይቱ ከሚያፈሰው ቦታ ሳይደርስ በቀጥታ የግራውን ሞተር ያገኛል። ነገር ግን አንዱ ክፍል የሁለት ሥራ ሲሠራ፣ ያውም ጭቃ ውስጥ ተይዞ፣ ግፊቱ ከዕለት ተዕለቱ በጣም ይበልጣል። ያ መጋጠሚያ ካልቻለ ዘይቱ ሁሉ ባሕር ውስጥ ይፈሳል፣ ትራክተሩም ያበቃለታል።

ሊንዳ ስሌቱን ሠርታ ጨርሳለች። ስሌቱ ይችላል ይላል። ወደ እኔ ዞረች።

«የፈተንከው አንተ ነህ። ይይዛል?»

ካፒቴኑም ያየኛል። የታንኩን ክፍል አስታወስኩ፤ ያንን መጋጠሚያ ከዚህ በላይ ጭነነው እንደነበር፣ ማን እንደገጠመው፣ እንዴት እንደገጠመው።

«ይይዛል» አልኩ።

መድረኩ ላይ ካሉት ሠራተኞች ጋር ልቁም ብዬ የመድረኩን አለቃ ለመንኩት። ልብሱ በጨው የነጣ ሽማግሌ ነው። «አንተ እዚህ ስለቆምክ መጋጠሚያው አይጠነክርም» አለኝ። «ሂድና መለኪያህን እይ።» ሰዎቹንም ከኬብሉ መስመር አራቃቸው። ትክክል ነበር፤ ተመለስኩ።

ሊንዳ ቫልቩን ከፈተች። ግፊቱ ከፍ አለ። ከቀይ መስመሩ አለፈ። ሰንሰለቶቹ አልተነቃነቁም። «ቀጥዪ» አልኳት። ጨመረች። የግራው ሰንሰለት አንድ ጥርስ ዞረ፣ ቆመ። ወደ ኋላ መለሰችው፣ ወደ ፊት ላከችው። ማያው ላይ ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው። እንደገና ወደ ኋላ። በመጨረሻ ሥዕሉ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ ኬብሉን የሚስበው ሰው በሬዲዮ «ክብደቱ ቀነሰ! ለቀቀ!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ማርኮም አጨበጨበ።

ትራክተሩ መድረክ ላይ ሲያርፍ የመርከቡ ወለል መናጥ ጀምሮ ነበር። ፈትሸን ስናየው ያፈሰሰው ከእኛ መጋጠሚያዎች አንዱም አይደለም። ስለታም ድንጋይ ተፈናጥሮ ከውጭ ያለውን የግራ ቱቦ ቆርጦታል። ሊንዳ አጠገቡ ተንበርክካ በጣቷ የተቆረጠውን ቦታ ዳሰሰችና «መከለያ ያስፈልገዋል» አለች። በሚቀጥለው ዲዛይን መከለያ ገባለት።

ሚኒያፖሊስ ስደርስ ከኤርፖርት የወሰደችኝ ሐያት ናት። ከዘሃራ ጋር የጠበቅኳት ብቻዋን መጣች። ትንሽ እንደሄድን ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

«እሺ አባ። ምን አየህ?»

ከዚያ እራት ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ሜዳውን፣ ጭብጨባውን፣ የጭቃውን ደመና፣ ድንጋዩ ያለቀበትን ዱካ። ቤታችን በር ላይ ስትቆም የዚያችን ነጭ እንስሳ ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። በጣቶቿ አጎላችው፤ ብዙ አየችው።

«ሥራውን ትተዋለህ?» አለችኝ።

«አልተውም። ኒኬሉ ያስፈልጋል ብዬ አሁንም አምናለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አሳየኸኝ?»

«ምን አየህ ብለሽ ጠይቀሽኛላ።»

ሳቀች። ሻንጣዬን ራሷ አወረደችልኝ።

ማርኮ የተናገርኩትን አልረሳም ነበር። ጻፈልን፤ ሊንዳም ተቀበለችው። እንስሳውን ከነድንጋዩ፣ ከነውሃው፣ ከነግፊቱ ወለሉ ላይ ዘግቶ ይዞ የሚወጣ ሣጥን መሥራት ነበረብን። ይህ ከትራክተሩ ይከብዳል። ትራክተሩ የባሕሩን ግፊት ወደ ውስጥ ያስገባና እኩል ይሆናል፤ ሣጥኑ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ያንን ሁሉ ግፊት ብቻውን አፍኖ መያዝ አለበት። መስኮትም ያስፈልገዋል። በመስኮቱና በብረቱ መካከል ያለው ጎሚኒ ከሠራኋቸው ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ጋሽ ተስፋይ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የቆረጡት የመጨረሻ ትልቅ ዕቃም ያ ሣጥን ነው። ደጋግሞ አፍስሶብናል። ጋሪ ሁልጊዜ «እምም» ይል ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓይነት።

የያዘ ዕለት ሐያትን ጠርቼ መለኪያውን አሳየኋት። ሊንዳ የመከላከያ መነጽር ሰጠቻት፣ ፀጉር እንዳይወድቅም በሻሿ ላይ ኮፍያ ደረበችላት። ልጄ የምሠራበትን ክፍል ካደገች ወዲህ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማርኮ ሣጥኑን ይዞ ከሄደ በኋላ ቪዲዮ ላከልኝ። ከምሳ በኋላ ነው የደረሰኝ፤ ሁላችንም በስልኬ ላይ ተደፋን። በመስኮቱ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ እንደዚያችኛዋ ያለች ነጭ እንስሳ። መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር። ከዚያ አንድ እጇን አነሣች፣ ዘረጋች፣ መለሰች። ጋሪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ደግመህ አሳየኝ» አለ። ወዲያው ለሐያት ላክሁላት። መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ በአማርኛ፦ «ትኖራለች!»

ጉዳዩ አሁንም አልተቋጨም። ኖጁል በስፋት ይውጣ አይውጣ አገሮች እየተከራከሩበት ነው፤ የደንበኛችን ድርጅትም ፈቃድ ይጠብቃል። ወርክሾፑ ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ለሚለቅሙትም ለሚያጠኑትም። እኔ የፍተሻ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐያት በቅርቡ ለአንድ የሕዝብ ውይይት የተቃውሞ ጽሑፍ ስታዘጋጅ ትራክተሩ እንዴት እንደሚሠራ የጻፈችውን ክፍል አምጥታ አስነበበችኝ። የሰንሰለቱን አሠራር ተሳስታ ነበር፤ አረምኩላት። መደምደሚያዋን አልነካሁም። እሷም እንድነካው አልጠየቀችኝም።

ይህን የጻፍኩት ወደ ሙያው ለምትገቡ ነው። የምትገጥሙት ዕቃ ከበር ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድና እዚያ ምን እንደሚያደርግ እወቁ። ከተቻለ ሄዳችሁ እዩት። ካያችሁ በኋላ ለጠየቃችሁ ሰው ያያችሁትን ሁሉ ንገሩ፤ የሚያኮራችሁንም የማያኮራችሁንም።